የሌሉ ሕመምተኞችና በመሳቢያሽ ያለው ፍላሽ

ከደብረ ማርቆስ አንድ ደብዳቤ ደርሶናል። ጸሐፊዋ ጤና መኮንን ሆና ለዓመታት በጤና ጣቢያ የሠራች፣ አሁን የዩኒቨርሲቲ መምህርትና የሦስተኛ ዓመት የዶክትሬት ተማሪ ናት። ማንነቷን የሚያሳውቀውን ሁሉ ትተን የደብዳቤዋን ፍሬ ነገር አሳጥረን እነሆ።

«ጋሼ፣ ዓምድዎን ከልጅነቴ ጀምሮ አነባለሁና እንደ ልጅዎ ቆጥረው አንቺ እያሉ ይምከሩኝ። ጥናቴ በትኩሳት ወደ ጤና ጣቢያ የመጣን ሰው ሕመም ለመለየት ለባለሙያው ምክር የሚሰጡ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሶፍትዌሮችን፣ በእውነተኛ ሰው ላይ ከመዋላቸው በፊት፣ በኮምፒውተር በተፈጠሩ የሕመምተኛ መረጃዎች መፈተን ነው። መነሻ የሚሆኑኝን ካርዶች ለማየት ለአንድ ሆስፒታል ካመለከትሁ ስምንት ወር ሆነኝ፤ ‹ነገ ነይ› ከማለት በቀር መልስ የለም። በውጭ አገር ያሉት ሁለተኛ አማካሪዬ ‹ሲንቲያ የተባለው ሶፍትዌር የሚፈጥራቸውን ሕመምተኞች ተጠቅመሽ ጨርሺ› ይላሉ። አብሮኝ የተማረ ልጅ ደግሞ ከሚሠራበት ሆስፒታል የአራት ዓመት የሕመምተኞች መረጃ፣ ስም አጥፍቶ፣ በፍላሽ ሰጠኝ። አንድ ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት፤ ይኸው ሦስት ሳምንት መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል። አንድ ባልደረባዬ ‹በሌለ በሽተኛ ዶክተር ልትባይ ነው› ብሎ በሰው ፊት አሾፈብኝ። አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ለፋሲካ ስሄድ እሳቸውም ‹የሌለን ሰው ማከም ምን ይረባሻል?› አሉኝና መልስ አጣሁ። ርእሱን ልቀይር? ፍላሹንስ ልጠቀምበት?»

ልጄ፣ አንቺ በሉኝ ካልሽ እንዳልሽው ይሁን። ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ፍላሹን አትጠቀሚበት። ርእሱንም አትቀይሪ፤ ሆኖም ከመጠን በላይ ሰፍቷልና አጥብቢው።

«ስም አጥፍቶ ሰጠኝ» የምትለው ዐረፍተ ነገርሽ ላይ ጥቂት ቆምሁ። ስም ማጥፋት በቋንቋችን ሁለት ትርጉም አለው፤ በዚህ ጉዳይ ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚወስደው መንገድ አጭር ነው። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት የመንግሥት ሠራተኞች የሕክምና መረጃ ስም ወጥቶለት ለተመራማሪዎች ተሰጥቶ ነበር። በ1997 እ.ኤ.አ. ላታንያ ስዊኒ የተባለች፣ ያን ጊዜ ገና ተማሪ የነበረች ተመራማሪ፣ ይህንኑ መረጃ በ20 ዶላር ከገዛችው የመራጮች መዝገብ ጋር አስተያይታ የግዛቱን ገዥ የዊሊያም ዌልድን የሕክምና ታሪክ ለይታ አወጣች። በ2000 እ.ኤ.አ. ባቀረበችው ሥራ ደግሞ የልደት ቀን፣ ፆታና የፖስታ አካባቢ ቁጥር ብቻ ከአሜሪካ ሕዝብ 87 በመቶውን ነጥሎ ለማወቅ እንደሚበቃ ገለጸች። እኛ ዘንድ የፖስታ አካባቢ ቁጥር ያልተለመደ ነው፤ ቀበሌ ግን አለ። በአንዲት የጎጃም ቀበሌ በ2013 ዓ.ም. በጥር ወር መንታ ወልዳ ደም የፈሰሳት የ19 ዓመት ሴት ስንት ትገኛለች? ስሟ ቢሰረዝም ውኃ ቀጂው ሁሉ ያውቃታል።

በዚህ ላይ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የጤና መረጃ በአዋጁ ልዩ ጥንቃቄ ከሚደረግላቸው መረጃዎች ወገን ነው። አንቺ መመረቂያሽን፣ ወዳጅሽም እንጀራውን የምታጡበት ይሆናል። ልጁ ክፉ አስቦ እንዳልሰጠሽ አምናለሁ፤ በየቢሮው እንዲህ ያለ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እኔም አይቻለሁ። ነገር ግን በጥናትሽ ላይ «መረጃው ከየት መጣ?» ተብለሽ በምትጠየቂበት ቀን የምትመልሽው ከሌለሽ፣ የቀሩት ምዕራፎች ሁሉ አብረው ይወድቃሉ።

አሁን ወደ ባልደረባሽ ሹፈት ልምጣ። ከጡረታዬ በፊት ለብዙ ዓመታት በጤና ጣቢያና በወረዳ የስታቲስቲክስ ሠራተኛ ነበርሁ። አንድ ቀን የተመላላሽ ሕክምና መዝገብ እየገለጥሁ ሳለ የሰውነት ሙቀት በሚጻፍበት ዓምድ ላይ 36.5 የሚል ቁጥር ከገጹ ራስ እስከ ግርጌ በአንድ እስክሪብቶ ተደርድሮ አገኘሁ። በማግስቱም እንዲሁ ነው፤ በሳምንቱም እንዲሁ ነው። ብጠይቅ ቴርሞሜትሩ ከተሰበረ ሁለት ወር ሆኖት ኖሯል። በዚያው ገጽ የዕድሜው ዓምድ 30፣ 35፣ 40፣ 45 እያለ ይወርዳል፤ 37 ዓመት የሞላው ሰው በወረዳው የሌለ ይመስላል። እኔም ብሆን ንጹሕ አይደለሁም። ሪፖርት በሚላክበት ቀን ባዶ ሳጥን እንዳይታይብኝ የባለፈውን ወር ቁጥር ጥቂት ቀንሼ የሞላሁበት ጊዜ አለ፤ አፍሬ ነው የምጽፈው። ስለዚህ ባልደረባሽ «እውነተኛ» የሚለው ካርድ ራሱ ውስጡ ብዙ ፈጠራ አለበት፤ ያ ፈጠራ ግን ፈጠራ ነኝ ብሎ አይናገርም። አንቺ የምትፈጥሪው ሕመምተኛ ደንቡ ተጽፎ የተቀመጠ፣ ማንም ገልጦ ሊከራከርበት የሚችል ነው።

ይህን ስል ግን የተፈጠረ ሕመምተኛ ሁሉን ይተካል ማለቴ እንዳይመስልሽ። በእኔ አስተያየት በዚህ ዘርፍ የሚሠራ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ፕሮፖዛልሽም «ሶፍትዌሮቹ ለጤና ጣቢያ ብቁ መሆናቸውን ማረጋገጥ» የሚል ዓላማ ይዞ እንደሆነ ከደብዳቤሽ አንዳንድ ቃል እጠረጥራለሁ። በተፈጠረ ሕመምተኛ ሶፍትዌሩ የት ላይ እንደሚወድቅ ማሳየት ትችያለሽ፤ ብቁ ነው ብለሽ መመስከር ግን አትችይም። ምክንያቱን በአንድ ምሳሌ ላሳይሽ።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ናት። አየሩ በሚሳሳበት ከፍታ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢኑ፣ ማለት ኦክስጅን ተሸካሚው የደም ክፍል፣ ይጨምራል የሚለውን ትምህርት አንቺም ተምረሽዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በ2,500 ሜትር ላይ የሚኖር ሰው ደም ማነስ እንዳለበት ለመወሰን ከተለካው ሄሞግሎቢን 1.3 ግራም በዴሲ ሊትር ይቀነስ ነበር። እንግዲህ አንዲት ነፍሰ ጡር ተለክታ 12.0 ብትሆን፣ ይህን ደንብ የያዘ ሶፍትዌር ወደ 10.7 ያወርደዋል፤ በዚያው መመሪያ የነፍሰ ጡር መለያው 11 ነበርና ደም ማነስ አለባት ይላል። ነገር ግን በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በስሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያንን ለክቶ፣ ሄሞግሎቢናቸውም በደማቸው ያለው የኦክስጅን ሙሌትም በቆላ ወይም በባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው እጅግ የማይርቅ ሆኖ አግኝቶታል፤ የኦክስጅን ሙሌታቸው በአማካይ 95.3 በመቶ ነበር። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ላይ የሚታየው ይህ አይደለም። ጎጃም ስሜን አይደለምና ውጤቱን እንዳለ ገልብጠሽ አትውሰጂው፤ ነገር ግን ያንን የከፍታ ደንብ ለጮቄ ሰው ማልበስ ትክክል ነው ብለሽ አስቀድመሽ መቀበልም አትችይም።

አሁን ነገሩን ልብ ብለሽ እዪልኝ። ሶፍትዌሩን የሠራው ሰው ያንን የከፍታ ደንብ ተጠቅሟል እንበል፤ አንቺም ሕመምተኞችሽን ስትፈጥሪ ያንኑ ደንብ ከዚያው መጽሐፍ ወሰድሽ። ፈተናው ሲሰጥ ሶፍትዌሩ መቶ ከመቶ ያገኛል፤ ምክንያቱም ፈታኙና ተፈታኙ ከአንድ ደብተር ቀድተዋል። ጤነኛዋ ነፍሰ ጡር ግን ጤና ጣቢያ ስትመጣ የደም ማነስ ሕመምተኛ ተብላ ትመዘገባለች። ይህ ስሕተት በአንድ ሚሊዮን የተፈጠረ ሕመምተኛም አይታይም፤ ቁጥሩ በበዛ መጠን እንዲያውም ሰውን ያዘናጋል።

አማካሪሽ ሲንቲያን ተጠቀሚ ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ማይተር የተባለው ድርጅት የሠራው፣ ማንም በነፃ አውርዶ የሚጠቀምበት፣ አንድን ሰው ከልደት እስከ ሞት ደረጃ በደረጃ የሚያስኬድ ጥሩ ሥራ ነው፤ አሠራሩን ለመማር ከእርሱ የተሻለ አታገኚም። ነገር ግን ሲጀመር የተቀረጸው በማሳቹሴትስ ሕዝብ ልክ ነው። ለዚያው ሕዝብ እንኳ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ የማረጋገጫ ጥናት፣ የሰዎቹ ብዛትና የሚያገኙት አገልግሎት ከእውነታው ጋር ቢቀራረብም ከሕክምና በኋላ የሚመጣውን ጣጣ ሶፍትዌሩ እንደማያሳይ ገልጿል፤ የዳሌና የጉልበት መገጣጠሚያ ከተቀየረላቸው መካከል ችግር የገጠማቸው በአገሪቱ 2.8 በመቶ ሲሆኑ በሲንቲያ ሕመምተኞች ዘንድ 0 ነበሩ። የመኸር ሰሞን ቀጠሮውን ትቶ ወደ አጨዳ የሚሄድ ገበሬ በዚያ ዓለም ውስጥ አልተፈጠረም። ስለዚህ የአማካሪሽን ሐሳብ በግማሹ ተቀበዪው፤ ሞተሩን ውሰጂ፣ ሰዎቹን ግን ራስሽ ፍጠሪያቸው።

ጤና ጣቢያ የሠራሽበት ዘመን ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው፤ ውጭ አገር የተቀመጠ ሰው የማይፈጥራቸውን ሕመምተኞች አንቺ በዓይንሽ አይተሻቸዋል። ጥቂቱን ልጥቀስልሽ።

አንዱ ሕፃን ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ተወለደ፤ ዘመነ ሉቃስ ነበርና ጳጉሜን ስድስት ሆነች፤ በፈረንጅ መስከረም ማለት በሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው። እናቱ ጥቅምት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ትኩሳት ይዞታል ብላ አመጣችው። የሕፃኑ ዕድሜ 50 ቀን ነው። ከሁለት ወር በታች ያለ ሕፃን ትኩሳት ካለው ነገሩ ከባድ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በአስቸኳይ እንደሚላክ አንቺ ታውቂዋለሽ። ጳጉሜንን እንደ ማንኛውም ወር 30 ቀን አድርጎ የሚቆጥር ሶፍትዌር ግን ሕፃኑን የ74 ቀን ልጅ ያደርገዋል፤ ከሁለት ወር በላይ ነው ብሎም ወደ ሌላ መመሪያ ያዛውረዋል። አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር አላውቅም ብሎ ቢቆም ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ባለሙያዋ ትነቃለች። ይህን ሕፃን ለመፍጠር የማንም ካርድ አያስፈልግሽም። ቀኖቹን እንዲያመሳክሩልሽ ከፈለግሽ ደግሞ አባትሽ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ ይመስለኛል፤ ከኮምፒውተር ፕሮግራም ይልቅ እሳቸው ይታመናሉ።

ሌላው ከደጋ የወረደ ወጣት ነው። መኖሪያው 2,800 ሜትር ላይ ነው፤ ካርዱ ላይ የሚጻፈውም ይኸው ቀበሌው ነው። ነገር ግን ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ በኅዳር መጨረሻ ትኩሳት ይዞት ተመልሷል። ሶፍትዌሩ መኖሪያውን ብቻ አይቶ ወባ አይደለም ካለ ወድቋል፤ ወባ ነው ብሎ ሌላውን የቆላ በሽታ ካላዛርን ጨርሶ ካላነሣም ወድቋል። «ባለፈው ወር ከቤት ርቀህ አድረሃል?» ብሎ ይጠይቃል ወይስ አይጠይቅም የሚለውን ለማወቅ ይህ አንድ ወጣት ከአሥር ሺህ የሲንቲያ ሕመምተኞች ይበልጥብሻል። ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ እያረሰ የኖረ፣ ዝሆኔ የያዘው እግሩ በድንገት ተቆጥቶ ያተኮሰው ገበሬም አለ፤ ስለ እግሩ ያልጠየቀ ሶፍትዌር በመስከረም ወር ሲያገኘው ወባ ነው ማለቱ አይቀርም።

የወባው ነገር ራሱ ሁለት መልክ አለው። ፋልሲፓረም የተባለው ዝርያ የሚገድለው ሲሆን፣ ቫይቫክስ ግን ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይመለሳል። ሁለተኛው የሚታወቀው ሰውዬው ሲመለስ ያው ሰው መሆኑ ከታወቀ ነው። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ በመጀመሪያው ቀን «ኃይሌ» ብላ፣ በሁለተኛው «ሀይሌ» ብላ ጽፋ ከሆነ ማሽኑ ሁለት ሰው ያያል፤ ተመላሹ ወባም አዲስ ወባ ይሆናል። እንዲህ ያሉትን ጥንዶች ፍጠሪ። «ከማታው 2 ሰዓት ጀምሮ አተኮሰኝ» የሚለውን ሰውም ጨምሪና ሶፍትዌሩ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጋር ያምታታው እንደሆነ እዪ።

ገበያም አለ። አብዛኛው የገጠር ሰው ጤና ጣቢያ የሚመጣው ለገበያ በወጣበት ቀን ነው፤ ሥራ በማይሠራበት በሚካኤልና በማርያም ቀንም ይመጣል። መዝገቡን እንዳለ የተማረ ማሽን ወባ የቅዳሜ በሽታ ነው ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። በ2019 እ.ኤ.አ. የተጋለጠ አንድ የአሜሪካ ሶፍትዌር የሰውን የጤና ችግር መጠን ለሕክምናው በወጣው ገንዘብ ይለካ ስለነበር፣ ገንዘብ ያልወጣላቸውን ጥቁር ሕመምተኞች ጤነኛ አስመስሎ አሳንሷቸው ተገኝቷል። እኛ ዘንድ ያልመጣ ሰው ያልታመመ ይመስላል፤ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም።

ሕመምተኞቹን እንዴት ትፈጥሪያለሽ የሚለው ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ማሽኑ ብዙ እውነተኛ መረጃ አይቶ እንዲመስለው ማስተማር ነው፤ ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጋን በሚባለው ዘዴ የተስፋፋው ይህ ነው። ብዙ መረጃ ይፈልጋል፤ ጥቂት ከሰጠሽው ደግሞ በቃሉ አጥንቶ እውነተኛውን ሰው እንዳለ መልሶ ይጽፈዋል። አንድ ሰው በማስተማሪያው መረጃ ውስጥ ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለውን ከውጭ ሆኖ መገመት እንደሚቻል በ2017 እ.ኤ.አ. ታይቷል። ይህን ለመከላከል በ2006 እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ በስሌት የተመጠነ ብዥታ የሚጨምር የሒሳብ መላ አለ፤ ነገር ግን ብዥታው ሲበረታ መጀመሪያ የሚጠፉት ብርቅ የሆኑት ሕመሞች ናቸው፤ አንቺ የምትፈልጊያቸውም እነርሱው ናቸው። ፍላሹን ለዚህ አስበሽው ከነበረ ይህም ሌላ ምክንያት ይሁንሽ።

ሁለተኛው መንገድ ደንብ ጽፎ በደንቡ መፍጠር ነው። ለአንቺ የሚሻለው ይህ ነው እላለሁ። እያንዳንዱን ደንብ ከምንጩ ጋር በአንድ መዝገብ ጻፊ፤ ይህ ከመመሪያ፣ ይህ ከታተመ ጥናት፣ ይህ ከባለሙያ ልምድ፣ ይህ ከራሴ ግምት እያልሽ ለዪው። ከሶፍትዌሩ ሠሪ ጋር ከአንድ ምንጭ የቀዳሻቸውን በቀይ አስምሪባቸው፤ እነርሱ ላይ የሚገኘው ውጤት አይቆጠርም። ደጋም ቆላም የሠሩ አምስት ስድስት ጤና መኮንኖችን ለየብቻ አነጋግሪ፤ አንድ ላይ ከሰበሰብሻቸው ሁሉም የታላቁን አስተያየት ይደግማሉ። ከዚያ የፈጠርሻቸውን አርባ ሕመምተኞች በተለመደው ካርድ ላይ አትመሽ ስጫቸውና «እዚህ ውስጥ ምን ያስቃል?» ብለሽ ጠይቂያቸው። «ምን ይጎድለዋል?» ከሚለው ይልቅ ይህ ጥያቄ ሰውን ያናግራል።

አባትሽን የምትመልሽላቸውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የቅኔ ተማሪ ጉባኤ ቃና ሲቆጥር ሁለት ቤት፣ መወድስ ሲቆጥር ስምንት ቤት መሆኑን ጠብቆ፣ ዜማውንና ምጣኔውን አክብሮ፣ ነገር ግን ትናንት ያልነበረ ቅኔ ይዞ ለመምህሩ ይቀርባል። የሰው ቅኔ ይዞ የመጣውን አባትሽ ከመጀመሪያው ቃል ያውቁታል፤ ምጣኔ ያፈረሰውንም እንዲሁ። አንቺ የምትፈጥሪው ሕመምተኛም የሕመሙን ሕግ የጠበቀ፣ ከማንም ሰው ካርድ ግን ያልተገለበጠ መሆን አለበት። የሚታከመውም ማሽኑ ነው በያቸው፤ የሌለው ሰው በማሽኑ ስሕተት አይሞትም፣ ያለው ሰው ግን ይሞታል። እንዴት ብለው ሊሞግቱሽ እንደሚችሉ እገምታለሁ፤ የቅኔ መምህር ናቸውና ሙግቱ ጥናትሽን ለምትከላከዪበት ቀን ልምምድ ይሆንሻል።

ስለ ሆስፒታሉ አንድ ነገር ልበልሽ። ስምንት ወር «ነገ ነይ» የተባለ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ያልተሰጠው ደብዳቤ ነው። ሂጂና ቁጥሩን ጠይቂ፤ ከሌለው አዲስ ጻፊ። አዲሱ ላይ ግን የግለሰብ ካርድ አትጠይቂ፤ በወር፣ በዕድሜ ክልል፣ በፆታና በወባ ዝርያ የተደመረ ቁጥር ብቻ ጠይቂ፤ የዩኒቨርሲቲሽን የሥነ ምግባር ቦርድ ፈቃድና የክልሉን ሕዝብ ጤና ኢንስቲትዩት የድጋፍ ደብዳቤም አያይዢ። ድምር ቁጥር ለደንብሽ ይበቃል፤ ኃላፊውም ለመፈረም አይፈራም። ቁጥሩ ሲመጣ የወር ሪፖርት ከባለፈው ወር 21 እስከ ወሩ 20 የሚዘጋ መሆኑን አትርሺ፤ የመስከረም ወባ ከምትይው ወደ ግማሽ የሚጠጋው የነሐሴና የጳጉሜን ነው። በጸጥታው ችግር ሪፖርት ያልመጣባቸውን ወራትም ዜሮ ብለሽ አታስገቢ፤ ባዶ ናቸው፣ ባዶ ብለሽ ተዪያቸው።

በመጨረሻው ዓመትሽ ጥቂት መቶ እውነተኛ ካርዶች ላይ መሞከርሽ ግን አይቀርም፤ በእርሱ ካልተስማማሽ ርእሱን ቀይሪ ማለት ይቀለኝ ነበር። በብዙ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ይሠራበት የነበረ የደም መመረዝ ማስጠንቀቂያ ሶፍትዌር በ2021 እ.ኤ.አ. በሚሽጋን በእውነተኛ ሕመምተኞች ላይ ሲፈተሽ፣ ሕመሙ ከያዛቸው ውስጥ 67 በመቶውን ሳያስጠነቅቅ አልፏቸው ነበር። ካርዶቹ ከሆስፒታሉ አይውጡ፤ የምትፈትኛቸውን ሶፍትዌሮች ይዘሽ አንቺ ግቢ፤ እዚያው ባለ ኮምፒውተር ሞክሪና ውጤቱን ብቻ ይዘሽ ውጪ። በጥናትሽ መግቢያ ላይም «በተፈጠሩት ሕመምተኞች የወደቀ ሶፍትዌር ወደ ጤና ጣቢያ እንዳይገባ ይመከራል፤ ያለፈው ግን ገና አልተመሰከረለትም» ብለሽ ጻፊ። ባልደረባሽ ከዚያ በኋላ የሚያሾፍበት ቦታ የሚያገኝ አይመስለኝም፤ ካገኘም እውነተኛ ጥያቄ ነውና መልሽለት።

ፍላሹን ለሌላ ሰው ሳትልኪ በእጅሽ ለልጁ መልሽለት፤ ለምን እንደማትፈልጊውም ንገሪው፣ ለሌላም እንዳይሰጥ። አንድ ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት ብለሻል፤ ስትከፍቺው ፋይሉ ላፕቶፕሽ ላይ ቀርቶ እንደሆነ ዛሬ ማታ ፈልጊ። የተሰረዙ ፋይሎች የሚጠራቀሙበትንም ባዶ አድርጊው፤ ላፕቶፕሽ በራሱ ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ የሚገለብጥ ከሆነ ደግሞ እዚያም ገብተሽ እዪ።